ባሶ ሳይጠፋ ይከለል፦ ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ እና ለቅርስ ባለስልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለስልጣን

ጉዳዩ፦ የጥንቱ የባሶ ገበያ ሥፍራ እንዲጠና፣ እንዲከለልና በቅርስነት እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

እንደምን ከርማችኋል? ይህን የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። የታሪክ መምህር ነኝ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጭር መሆን እንዳለበት አይጠፋኝም፤ ይሄኛው ግን ረዘም ይላል። ሻይ አስመጡና አንብቡት። ለየት አድርጌ ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጎጃም ውስጥ የሚማር ማንኛውንም ተማሪ ስለ አዱሊስ ብትጠይቁት አይቸገርም። የአክሱም ወደብ ነበረች፣ ቀይ ባሕር ዳር ነበረች፣ የዝሆን ጥርስ ይወጣባት ነበር፣ ከዚያ ጠፋች ይላችኋል። ፈተና ላይም ይመጣል። ባሶስ? "ባሶ ሊበን ወረዳ ናት" ይላችኋል። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ የለም። በተማሪው አልፈርድም። ያላስተማርነውን ከየት ያምጣው?

አዱሊስ ትቅር እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ባሶን ለመረዳት ከአዱሊስ መነሳት ይሻላል።

በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ በግሪክኛ የጻፈ ሰው ለባሕር ነጋዴዎች መመሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ከአዱሊስ ተነስቶ አክሱም ለመድረስ 8 ቀን ያህል እንደሚወስድ ይነግረናል። የዝሆን ጥርሱ የሚመጣው ከናይል ማዶ ነው ይላል። ከዚያ 500 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በአጼ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ደረሰ። ይህ ሰው የጻፈው ነገር ነው እኔን የያዘኝ።

ኮስማስ እንደሚለው የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ በኩል በየሁለት ዓመቱ ወርቅ የሚገዙ ሰዎችን ወደ ሳሱ ይልክ ነበር። አብረዋቸው የሚጓዙት ነጋዴዎች ሲቆጠሩ ከ500 ይበልጣሉ። የሚይዙት ከብት፣ ጨውና ብረት ነው። እዚያ ሲደርሱ የእሾህ አጥር ያጥራሉ። ከብቱን ያርዱና ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን እሾሁ ላይ ያኖራሉ። የአገሩ ሰው ይመጣል፣ የፈለገው ነገር ላይ ወርቁን አስቀምጦ ዞር ይላል። ባለቤቱ ቀርቦ ያያል። ዋጋው ከተስማማው ወርቁን ያነሳል፣ ያ ደግሞ ዕቃውን ይወስዳል። ካልተስማማው ወርቁን እንዳለ ይተወዋል። የአገሩ ሰው ተመልሶ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋ የለ፣ አስተርጓሚ የለ፣ ደላላ የለ! ደርሶ መልሱ 6 ወር ይፈጃል። ሲመለሱ ይጣደፋሉ። ምክንያቱም የናይል ምንጭ በዚያ አካባቢ ነው፤ ክረምት ከገባ ወንዞቹ ሞልተው መንገዱን ይዘጉታል።

ሳሱ የት እንደነበረች ሊቃውንት ሲከራከሩ ኖረዋል። ጎጃም ናት ብዬ ባንዲራ አልተክልም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሥርዓቱን ነው። ጨው ከሰሜን ይወርዳል፣ ወርቅ ከደቡብ ይወጣል፣ ክረምት ሲገባ የአባይ ውሃ ሁሉንም ያቆመዋል። ከ1,300 ዓመት በኋላ ባሶ ላይ የምናገኘው ይህንኑ ነው። አዱሊስ ሞተች፣ አክሱም ደከመች፣ ጎንደር መጣች፤ ንግዱ ግን ኮቴውን አልሳተም።

ባሶ ላይ መርከብ አይቆምም፣ አጋሰስ እንጂ። ቦታው በዛሬው የጁቤ አካባቢ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ አባይ በረሃ ከመግባታችሁ በፊት። ከምጽዋ የተነሳው ሲራራ፣ ማለትም የነጋዴው ጓዝ፣ በአድዋ፣ በጎንደር፣ በደሪጣና በይፋግ አድርጎ እዚህ ይደርሳል። ከወዲያ ማዶ ደግሞ የእናርያው ነጋዴ ከሳቃ ተነስቶ፣ ጉድሩ ላይ አሰንዳቦ አርፎ፣ አባይን ተሻግሮ ይመጣል። ደቡቡ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ቡናና ኮረሪማ ያመጣል። ሰሜኑ አሞሌ ጨው፣ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ያመጣል። ሁለቱ ባሶ ላይ ይገናኛሉ። ሞጆ ደረቅ ወደብ ዛሬ የሚሠራውን ባሶ ያለ ክሬን ስትሠራው ነበር ብል የሚቆጣ ይኖራል?

እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1830ዎቹ ጎጃም ውስጥ ቆይቶ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በዚያው አስር ዓመት ውስጥ ከነጋዴዎች ጋር አባይን ተሻግሮ እስከ እናርያ ዘልቋል። ያን ጊዜ እናርያን የሚገዛው አባ ባጊቦ ነበር፤ ሀብቱ ከዚህ ንግድ ጋር የተሳሰረ ኃይለኛ ንጉሥ። የጎጃም ጌቶች፣ ደጃዝማች ጎሹም ልጃቸው ብሩም፣ ከኬላው ቀረጥ ይለቅሙ ነበር። ነጋዴዎቹ በብዛት ሙስሊሞች ነበሩ፤ የጁቤም የነሱ መኖሪያ ነበረች። የጎጃምን ታሪክ በቅኔ ቤትና በገዳም ብቻ የሚተርኩልን ሰዎች ይህቺን ክፍል ሁልጊዜ ይዘሏታል። ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

እስኪ ግብይቱን ጠጋ ብለን እንየው።

አሞሌው ከአፋር ጨው ሜዳ በመጥረቢያ ተፈልጦ፣ በእጅ ተጠርቦ፣ በግመል ደጋ ወጥቶ፣ ከዚያ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ የመጣ ነው። ርዝመቱ ስንዝር አለፍ ይላል። ጉዞው ላይ እንዳይሰበር ወገቡ በልጥ ይታሰራል። ከተሰበረ ጨውነቱ አይቀርም፣ ገንዘብነቱ ግን ይቀራል። ገዢው ዳርና ዳሩን ያያል፣ ጫፉ ተሸርፎ እንደሆነ ይዳስሳል። ደቡብ በወረደ ቁጥር አሞሌ ይወደዳል፤ በአንድ ብር የሚገዛው አሞሌ ሰሜን ላይ ብዙ፣ እናርያ ላይ ጥቂት ነው። የነጋዴው ትርፍ ያለው እዚያ መካከል ነው።

ጠገራ ብሩ ደግሞ ሌላ ምርመራ አለው። ሻጩ ያገላብጠዋል። የማሪያ ቴሬዛ ዘውድ ላይ ያሉት ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ጎልቶ መታየት አለበት። ከደበዘዘ "አልፈልግም፣ ቀይርልኝ" ነው። ሁሉም ብር ላይ ያለው ዓመት አንድ ነው፤ በፈረንጅ 1780፣ ንግሥቲቱ የሞተችበት። እሷ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም ያው ዓመት እየተጻፈበት ይቀረጽ ነበር። የኦስትሪያ ንግሥት ጌጥ ባሶ ላይ ሲቆጠር አስቡት እንግዲህ!

ዝባዱስ? ወንዱ ጥሪኝ ጠባብ የእንጨት ቤት ውስጥ ታስሮ ሥጋ ይቀለባል። ከጭራው ሥር ያለው ቅባት በየጊዜው ተፍቆ ይወሰድና በበሬ ቀንድ ይታሸጋል። ቀንዱ ባሶ ይመጣል፣ ከባሶ ምጽዋ ይሄዳል፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ሽቶ ይሆናል። ሽታውን የማያውቅ ሰው ሽቶ ስለተባለ እንዳይሸወድ፤ ጥሬው ዝባድ አፍንጫ ያስይዛል።

ይህ ሁሉ ዕቃ ታዲያ አባይን መሻገር አለበት። ድልድይ አልነበረም። ከደጋው ወደ ቆላው ቁልቁል ወርዶ፣ ዕቃውን ከአጋሰስ ላይ አራግፎ፣ በቁርበት ታግዞና ዋናተኛ ቀጥሮ ነበር መሻገር። አዞም አለ፣ ሽፍታም አለ። ሰኔ ሲገባ ወንዙ ይሞላና ንግዱ ይቆማል። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤ የሲራራ ነጋዴ ግን ማደሪያውን ባሶና አሰንዳቦ ላይ አበጅቶ ጥቅምትን ይጠብቅ ነበር።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ባሶ ላይ ሰው ይሸጥ ነበር።

ይህን አስተካክለን ካልጻፍን ባሶን መመዝገቡ ባይኖር ይሻላል። ከአባይ ማዶ ታፍነውና ተማርከው የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት እዚህ ዋጋ ወጥቶላቸው ወደ ጎንደር፣ ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ተነድተዋል። ከዚያም ባሕር ተሻግረዋል። ሕፃናቱ ብዙ ነበሩ። ባርነትን የሚሽረው አዋጅ በ1934 እስኪወጣ ድረስ በዚህች ሀገር ያልቆመ ነገር ነው። ገዢውም፣ ሻጩም፣ ቀራጩም የኛው ሰዎች ናቸው። ወደፊት ባሶ ላይ ሰሌዳ ብታቆሙ "ቡናና ወርቅ ይሸጥበት የነበረ ታዋቂ ገበያ" ብላችሁ እንዳታልፉት አደራ። ቱሪስት እንዳይከፋው ብሎ ሰውን ከታሪኩ መሰረዝ ሁለተኛ ሽያጭ ነው።

ባሶ እንዴት ጠፋች? አንድ ቀን አልጠፋችም። ንጉሥ ተክለሃይማኖት በጥር 1873 የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ የደቡቡ ንግድ በእጃቸው የገባ መስሎ ነበር። በ1874 እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ገጠሙና ተሸነፉ፤ ተማረኩም። ከዚያ በኋላ ከአባይ ማዶ ያለው አገር ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ። ሰሜኑም አልተረፈም። ምጽዋን ጣሊያን በ1877 ያዘ። ጎንደርን የሱዳኑ ደርቡሽ በ1880 አቃጠለ። ክፉ ቀን ተከተለ፣ ከብት አለቀ፣ አጋሰስ አለቀ። አዲስ አበባ አደገች። በ1909 ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ የጅማና የከፋ ቡና ወደ ባሶ የሚመጣበት ምን ምክንያት አለው? የመኪናው መንገድም አባይን በደጀን በኩል ተሻገረ። ኋላ የተሠራው የሕዳሴ ድልድይም እዚያው ነው። ባሶ ዳር ቀረች።

ሰባራ ድልድይን ታውቁታላችሁ፣ ሞጣ በኩል ያለውን። የጎንደር ነገሥታት ዘመን ድልድይ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ነጋዴና ገበያተኛ ለአሥርት ዓመታት ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ ሰው እየጎተተው ክፍተቱን ይሻገር ነበር። ኋላ ተጠገነ፣ ጎርፍ ወሰደው፣ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ዛሬ ፎቶው በየስልኩ አለ። ለምን? ድንጋዩ ቆሟል። የሚታይ ነገር አለው።

ገበያ ድንጋይ አያቆምም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

በአንድ ወቅት ስለ ባሶ ለመጠየቅ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ ነበር። የትኛው እንደሆነ ልተወው። ያስተናገደኝ ባለሙያ ቅን ልጅ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ቅጹንም አውጥቶ አሳየኝ። ቅጹ የግንባታውን ዓይነት ይጠይቃል። የጣሪያውን ሁኔታ ይጠይቃል። ግድግዳው ከምን እንደተሠራ ይጠይቃል።

"ጋሼ፣ ቦታው ላይ ምን ቆሞ ይታያል?" አለኝ።

"ምንም።"

"እንግዲያ ምኑን ነው የምንመዘግበው?"

ሁለታችንም ሳቅን። ልጁ ያልተሳሳተው ነገር አለ፤ ቅጹ ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተ መንግሥት ነው የተሠራው። በዚያ ቅጽ መርጡለ ማርያም ይገባል፣ ደብረ ማርቆስ ያለው የንጉሥ ተክለሃይማኖት ቤተ መንግሥት ይገባል። ባሶ አይገባም። ገበያ የሚተወው ከመሬት በታች ነው፤ የዶቃ ፍንካች፣ የምድጃ አመድ፣ የከብት አጥንት፣ የእንግዳ መቃብር። ከመሬት በላይ ደግሞ በአጋሰስ ኮቴ የተሸረሸረ ቁልቁለትና የሽማግሌ ትዝታ። ግድግዳ ያለው ቅርስ ቢዘገይም ፍርስራሹ ይጠብቃችኋል። ባሶን አንድ ትራክተር ወይም አንድ የኮብልስቶን ፕሮጀክት በአንድ ሳምንት ይጨርሳታል፤ ያጠፋትም ሰው ማጥፋቱን አያውቅም።

ሕጉ የለም እንዳትሉኝ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሬት ሲቆፈር ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ እንዳለበት ይናገራል። ቅርሶች በብሔራዊና በክልል ደረጃ የሚመደቡበት አዋጅ ቁጥር 839/2006ም አለ። ግን አንድ ገበሬ በሞፈሩ ጫፍ ሰማያዊ ዶቃ ቢያወጣ ለማን ነው የሚናገረው? ለልጁ ይሰጠዋል። ጠገራ ብር ቢያገኝ ደግሞ አንጥረኛ ጋ ይወስደዋል፤ እዚያ ቀልጦ የአንገት ጌጥ ይሆናል። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ከእናንተ የምፈልገው ቁፋሮ አይደለም። እንዲያውም አሁን እንዳይቆፈር ነው የምለምነው። አዱሊስን እዩ። በ1860 ዙላ ላይ የወረደው የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሊዘምት መጥቶ አዱሊስን ጫር ጫር አድርጓል። በ1898 እና በ1899 ስዊድናዊና ጣሊያናዊ ተከታትለው ቆፈሩ። በ1950ዎቹ ፈረንሳዊው አንፍሬይ ቀጠለ። ቸኩሎ የተቆፈረ መሬት ሁለተኛ አይነበብም፤ እንደ ተበላ እንጀራ ነው። ባሶ ገና አልተነካችም። ይህ ዕድል ነው።

የጸጥታውን ነገር አውቃለሁ። እኔም እዚሁ ነው የምኖረው። መንገድ ሲዘጋ ኔትወርክም ሲጠፋ አብሬ ነኝ። "ሰው በሚሞትበት ጊዜ ስለ ገበያ ታወራለህ?" የሚለኝ ሰው ቢኖር አልቀየመውም። ግን እዚያው ቁጭ ብላችሁ የምትሠሩት አለ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የታሪክና የጂኦግራፊ ክፍል አለው። የቤክ ጽሑፍና ካርታ፣ የዳባዲ ማስታወሻ አውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ቅጂውን አስመጥቶ ስለ ባሶና ስለ የጁቤ የተጻፈውን ወደ አማርኛ መመለስ ጥይት አይፈራም። የሳተላይት ምስል ላይ የድሮውን የሲራራ መንገድ መፈለግም እንዲሁ።

ከሁሉም የሚያስቸኩለው የሽማግሌዎቹ ነገር ነው። ከአያቱ ሲራራ የሰማ ሰው ዛሬ ዕድሜው ገፍቷል። ለየጁቤ አንድ ወጣት ባለሙያና አንድ ጥሩ ስልክ ይበቃል፤ ድምፃቸውን ይቅዳ። የሙስሊሙን ቤተሰብም የክርስቲያኑንም ይጠይቅ። እናቶችን አይርሳ፤ ወንዶቹ ስለ ጦርና ስለ ሹመት ያወራሉ፣ ጨው ስንት ይገዛ እንደነበር የምታስታውሰው እሷ ናት። የባሪያ ዘር እየተባለ ሲሸማቀቅ የኖረ ቤተሰብ ካለ ደግሞ ስሙን ሳይጽፍ፣ ፈቃዱን ጠይቆ፣ በክብር ያናግረው። ማዶም ይሻገር። ጉድሩ ያሉት የኦሮሞ ሽማግሌዎች የታሪኩን ግማሽ ይዘውታል። ስለዚህ የኦሮሚያ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ከመጀመሪያው አብሮ ይግባበት፤ አሰንዳቦ የሌለችበት የባሶ ጥናት አንድ እግር ያለው በርጩማ ... ይቅር፣ ምሳሌ በዛ። ጎደሎ ይሆናል።

ወሰኑን ደግሞ ቢያንስ በወረቀት አስምሩት። ወረዳው፣ ቀበሌውና የመሬት ጽሕፈት ቤቱ አንድ ገጽ ደብዳቤና አንድ ካርታ ይድረሳቸው። "በዚህ ክልል ውስጥ ቤት ለመሥራት፣ መንገድ ለመቁረጥ ወይም ድንጋይ ለማውጣት የሚፈልግ አስቀድሞ ይጠይቅ" የሚል። ገበሬውን ከመሬቱ አንሱት ማለቴ አይደለም፤ እንዲያ የሚል ሰው ከመጣ እኔ ከገበሬው ጋር ነኝ። በሬ የሚያርሰው ጥልቀት ይታወቃል። የሚያሰጋኝ ኤክስካቫተሩ ነው።

ቅጹንም ቀይሩልን። "ጣሪያ የሌለው ቅርስ" የሚል አንድ ሣጥን ጨምሩበት። ለባሶ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው፤ ለይፋግም፣ ለደሪጣም ይሆናል።

መልሳችሁን በማኅተም ወደ እኔ ከመላክ ይልቅ እንደኔው በአደባባይ ብትጽፉት እመርጣለሁ። የጁቤ ያለ ሰው ያንብበው። "አንችልም" ከሆነም ምክንያቱን ጻፉት፤ እኛ መምህራኑ በክረምቱ የምንሠራውን ክፍል እንድናውቅ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የታሪክ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

ግልባጭ፦
ለኦሮሚያ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ
ለባሶ ሊበን ወረዳ አስተዳደር፣ የጁቤ